የግራር ሜዳ የእርሳስ ጭፍራ

ሰኔ 12 ቀን 1959 ዓ.ም.፣ ሰኞ

ዛሬ ሚካኤል ነው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይህን ደብተር ጀመርኩ። ጦር የሚመራ ሰው ውሎውን እየመዘገበ ካልያዘ ኋላ የሚመጣው ታሪክ ጸሐፊ ይቸገራል።

ጦር ስል የምሬን ነው። አንድ መቶ ስድሳ አንድ ሰው አለኝ፤ አርባ ሁለቱ ፈረሰኛ ናቸው። ቁመታቸው ከአውራ ጣቴ አይበልጥም። የሚያድሩት ከአልጋችን ሥር በሁለት የሳሙና ካርቶን ውስጥ ነው።

ነገሩ የመጣው አምና ክረምት ነው። ካርታ የሚያነሱ ፈረንጆች ከተማችን ንፋስ መውጫ ገብተው ሳለ አንዱ፣ ሚስተር ሄንሪ የሚባል ቀይ ጢማም፣ ዝናብ መንገድ ዘግቶበት ሦስት ሳምንት እኛ ቤት ከረመ። በቆርቆሮ ሣጥን የእርሳስ ወታደሮች ይዞ ነበር። በአገሩ ትልልቅ ሰዎች፣ ሐኪሙም ጠበቃውም፣ ጠረጴዛ ላይ ደርድረው የድሮ ጦርነት ያዋጋሉ አለኝ። መጀመሪያ አእምሮውን ብርድ መትቶት ነው ብዬ አዘንኩለት። በሦስተኛው ቀን ግን ገና ጎህ ሲቀድ በሩን እያንኳኳሁ የምቀሰቅሰው እኔ ነበርኩ። ሲሄድ አሥራ ሁለቱን ሰጠኝ። ከዚያ ወዲህ የራሳችንን ሰዎች እያቀለጥኩ እሠራለሁ።

ሕጉ ቀላል ነው። እግረኛ በአንድ ተራ አንድ ስንዝር ይሄዳል፣ ፈረሰኛ ሁለት። ሁለቱ ወገኖች ሲገናኙ ሳንቲም ይወረወራል። አንበሳ ከወጣ የመታው ይገድላል፣ ሰው ከወጣ ይስታል።

የምናዋጋው የግራር ሜዳን ጦርነት ነው። በአያቶቻችን ዘመን የጋይንቱ ደጃዝማች ይርዳውና የስማዳው ደጃዝማች ካሳሁን የተጋጠሙበት። ይርዳውን የምመራው እኔ ነኝ። ካሳሁንን የሚመራው ወዳጄ ይማም ነው፤ ከገበያው ዳር ልብስ የሚሰፋው። ጦሩ ሁለት መቶ አርባ ሲሞላ ልክ እንደ ጥንቱ ይሆናል። እስካሁን ሰባት ጊዜ ተዋግተናል። ሰባቱንም ጊዜ ድሉ በጥቂት ነገር ነው ያመለጠኝ።

ባለቤቴ ሐረገ ወይን እርሳስ ያቀለጥኩበትን ጭልፋዋን አገላብጣ አይታ ወደ ውጭ ወረወረችው። ቅዳሜ ሌላ እገዛላታለሁ።

ሰኔ 14፣ ረቡዕ

ስምንተኛው ጦርነት። ይማም አሸነፈ። ምክንያቱ ስንዝር ነው። የልብስ ሰፊ ጣት ረጅም ነው፤ የእሱ ፈረሰኛ በአንድ ተራ ስማዳ ደርሶ ይመለሳል። ከዛሬ ጀምሮ በሜትር እንዲለካ ጠየቅሁ። ወዲያው ከአንገቱ ላይ ሜትሩን አውርዶ ሰጠኝ።

ሰኔ 15፣ ሐሙስ

ዘጠነኛው። በሜትር ተለካ። ይማም አሸነፈ። ቤቱ ጨለማ ነበር።

ሰኔ 19፣ ሰኞ

መሪጌታ ገብረ ሚካኤል ከቤተ መቅደሱ ሥዕል የተራረፈ ቀለም ሰጡኝ፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊና ጥቂት ጥቁር። እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ግድግዳ ላይ ቅዱሳንን ሲሥሉ የኖሩ ሰው ናቸው። የኔን ጭፍራ በመዳፋቸው ላይ አድርገው በመነጽር እያገላበጡ አዩ።

«ለመሆኑ ጻድቃኑ የትኞቹ ናቸው?» አሉኝ።

«ጻድቅ የለበትም መሪጌታ፤ ጦርነት ነው።»

«እንዴት ይሆናል? ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ከሓዲ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ሳይለዩ ቀለም መንከር ምንድን ነው?»

አሳመኑኝ። የስማዳን ሰዎች በሙሉ በአንድ ዓይን ለማድረግ ወሰንኩ። ማታ ይማም መጥቶ የተሣሉትን አሥር ሰዎች አየ።

«የኔ ሰዎች ዓይናቸውን ምን ነካቸው?»

«የሥዕል ሕግ ነው።»

«ዓይን ሳይኖራቸው ዘጠኝ ጊዜ ካሸነፉህ፣ አሁን አንድ ስታደርግላቸው ምን ልትሆን ነው?» ብሎ እስኪያስለው ሳቀ።

ብሩሽ ስለሌለኝ ከድመቷ ጭራ ጥቂት ጸጉር ቆረጥኩ። ድመቷ ከቤት ወጥታ በጎረቤታችን በብርቄ አጥር ላይ ተቀምጣ በጥላቻ ታየኛለች። ሐረገ ወይንም እንደዚያው።

ሰኔ 23፣ ዓርብ

አስደናቂ ነገር አስተዋልኩ። ትናንት ስድስት ፈረሰኞች ፊት ሣልኩ። እውነቱን ለመናገር እጄ ይንቀጠቀጥ ነበርና ዓይናቸው ጉንጫቸው ላይ ፈሰሰ፤ አንደኛው ሦስት ዓይን ያለው ይመስል ነበር። ተናድጄ ካርቶኑን ዘግቼ ዛሬ ጧት ቢሮ ሄድኩ። ከሥራ ስመለስ ከፍቼ ባይ ዓይናቸው ተስተካክሏል፣ ቅንድብ ወጥቶላቸዋል፣ የልጓሙ ጠርዝ በቀጭን ቢጫ ተሰምሯል።

ቀለሙ ሲደርቅ ራሱን ያስተካክላል ማለት ነው። የቤተ ክርስቲያን ቀለም በመሆኑ ይመስለኛል። ለሐረገ ወይን ነገርኳት። «እንግዲህ፣ ጥሩ ቀለም ነዋ» አለች፤ ጣቷ ሰማያዊ ነበር። ምን ነካሽ ብላት ክር ስነክር አለች። ምን ዓይነት ክር እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ሰኔ 24፣ ቅዳሜ

ገበያ። ከብርቄ፣ ቁርጥራጭ ብረት ከምትሸጠው ጎረቤታችን፣ ያረጀ የጥይት እርሳስ ገዛሁ። ዛሬ ስትመዝንልኝ እንደ ወትሮው አልሳቀችም።

«አቶ አዱኛ፣ ይህን ሁሉ እርሳስ ለምን ይሆን?»

«ለወታደሮቼ» አልኳት፤ ቸኩዬ ነበር።

«ስንት ደረሱ?»

«ሁለት መቶ ለመሙላት ጥቂት ቀርቷል። ከክረምቱ መውጫ በፊት ዝግጁ ይሆናሉ።»

ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ድረስ ሸፈነች። ብርድ ይሆናል። ጭልፋ መግዛቱን ረሳሁ።

ሐምሌ 3፣ ሰኞ

በቢሮ ነገሩ እንግዳ ሆኗል። እኔ የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ሰው ሁሉ «መዝገቤ የት ደረሰ?» እያለ ይጮህብኛል። ዛሬ ማንም አልጮኸም። አንድ ባላገር መዝገቡ ጠፋ ስለው «ግድ የለም ጌታዬ፣ ሲመችዎ» ብሎ እጅ ነስቶ ወጣ። ሁለት ጸሐፊዎች በመስኮቱ ሥር ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። አንዱ «የሚያድሩት አልጋው ሥር ነው አሉ» አለ። ሌላው «ሁሉም?» አለው።

በመጨረሻ ሰው አከበረኝ።

ሐምሌ 7፣ ዓርብ



ዛሬ ከሥራ መልስ መቶ አለቃ ሙላው ከስድስት ፖሊሶች ጋር ቤቴን ከበበ። እኔ ፈረስ እያቀለጥኩ ነበር። በሩን በእግሩ ሊመታው ሲል ሐረገ ወይን ከፈተችለትና ወደ ውስጥ ሊወድቅ ለጥቂት ተረፈ።

«አቶ አዱኛ! ሁለት መቶ የታጠቁ ሰዎች እዚህ ቤት እንዳሉ ደርሰንበታል። ይክዳሉ?»

«ሁለት መቶ አሥራ አራት ናቸው» አልኩ። ለምን እንዳረምኩት አላውቅም። የመዝገብ ቤት ልማድ ነው።

ፖሊሶቹ ጠመንጃቸውን አቀባበሉ።

«የት ናቸው?»

«አልጋ ሥር።»

«ሁሉም አልጋ ሥር?»

«ሃያ ስድስቱ መስኮቱ ጋ እየደረቁ ነው።»

መቶ አለቃው ተንበርክኮ ካርቶኑን ጎተተና ከፈተ።  ከዚያ አንዱን ነፍጠኛ በሁለት ጣቱ አንስቶ ወደ ብርሃን አየው። «ይሄ የያዘው ጠመንጃ ውጅግራ ነው?» አለኝ በቀስታ።

«ውጅግራ ነው።»

«ቃታው ሳይቀር አለው!» አለና ወዲያው ሥራው ትዝ ብሎት ፊቱን አጨማደደ። ሕጉን እንዳስረዳው ጠየቀኝ። አንበሳ ሲወጣ ይገድላል፣ ሰው ሲወጣ ይስታል አልኩት።

«ቆይ» አለ የሚጽፍበትን እርሳስ ከወረቀቱ ላይ አንስቶ። «ሳንቲሙ ላይ ‹ሰው› የምትሉት ማንን ነው?»

ሳንቲሙ ላይ ያሉት ጃንሆይ ናቸው፤ ‹ይስታሉ› ማለት ወንጀል ነው።  ሐረገ ወይን ከጓዳ በር ላይ ሆና «ሳንቲም ትተዋል፤ አሁን በተከካ ባቄላ ነው የሚጫወቱት፤ ጀርባው ሲወጣ ይገድላል፣ ሆዱ ሲወጣ ይስታል» አለች። ከዚያ በፊት በባቄላ ተጫውተን አናውቅም። መቶ አለቃው «ባቄላ» ብሎ ጻፈ።

ጭፍራዬን በሙሉ በሁለት ጆንያ ይዘው ሄዱ። ፈረሶቹን በጆንያ! የስንቱ እግር ተሰብሮ ይሆን?

ሐምሌ 8፣ ቅዳሜ

ሠራዊቴ እስር ቤት አደረ። ይማም ሊያጽናናኝ መጣ፤ ሁለታችንም ባዶውን ጠረጴዛ ስናይ ዋልን።

ሐምሌ 10፣ ሰኞ

የክስ መዝገቡ ከፖሊስ መጣ። የሚመጣውን መዝገብ ቁጥር ሰጥቼ የምከፍተው እኔ ስለሆንኩ በራሴ ላይ መዝገብ ከፈትኩ። «ያለ ፈቃድ ጦር ስለማሰባሰብ፤ ተከሳሽ አቶ አዱኛ» ብዬ ጻፍኩ። ጽሕፈቴ እንዳማረ አልክድም።

ሐምሌ 11፣ ማክሰኞ

ግራዝማች ሀይሉ አስጠሩኝ። የመሥሪያ ቤታችን የበላይ ዳኛ ናቸው፤ የደጃዝማች ይርዳውም የልጅ ልጅ። አያታቸው ግራር ሜዳ ላይ እንዴት ድል እንዳደረጉ በየሠርጉና በየተዝካሩ ይናገራሉ። ስገባ ጭፍራዬ በኤግዚቢትነት በጠረጴዛቸው ላይ ተደርድሯል። ሰው አይቶት የማያውቅ አሰላለፍ ነበር፤ እግረኛው ከፈረሰኛው ኋላ! ለማስተካከል እጄን ስዘረጋ በዱላቸው መቱኝ።

«ይኸ ማነው?» አሉኝ፤ ነጭ ፈረስ ላይ ያለውን፣ ቀይ ካባ የለበሰውን እያሳዩ።

«ደጃዝማች ይርዳው ናቸው፣ ጌታዬ። አያትዎ።»

አነሱት። ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ደረታቸው ሲነፋ አየሁ። «ሁለት ዓይን አለው» አሉ።

«አዎን ጌታዬ። ጻድቅ ናቸው።»

«መልኩ ቁርጥ አባቴን ነው! ማነው እንዲህ አድርጎ የሣለው?»

«እኔ ነኝ፤ ሲደርቅ ደግሞ ራሱን ያስተካክላል።»

ከዚያ በኋላ የተናገሩትን ቃል በቃል እጽፋለሁ። «አዱኛ፣ መስከረም ሲጠባ፣ በአምስተኛው ቀን፣ በችሎቱ አዳራሽ፣ በአገር ሽማግሌ ፊት ይህን ጦርነት ታሳየናለህ። ሰው የአያቴን ድል በዓይኑ ይይ። ድል ካደረጉ መዝገብህን እዘጋዋለሁ። አለዚያ የወገዳ ፍርድ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ይፈልጋል።»

ጭፍራዬን መለሱልኝ። የአሥራ አንድ ፈረስ እግር ተሰብሯል።

ወገዳ! መንገዱን አውቀዋለሁ። በዚያ መንገድ ይህ ጭፍራ በበቅሎ ተጭኖ ቢሄድ የሚደርሰው ብትንትኑ ነው። ደግሞ ወገዳ ውስጥ ይማም የለም። በእርግጥ የማሸነፍ ዕድሌ ሰፊ ነው፤ እስካሁን አሥራ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተሸነፍኩት።

ሐምሌ 16፣ እሑድ

መሪጌታን ከቅዳሴ በኋላ ያዝኳቸው። የግራር ሜዳን ነገር ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። በትክክል ያሸነፈው ማነው አልኳቸው። ግራ ቀኝ አዩ።

«ይርዳው ነጋሪት አስጎሰሙ፣ ጦር ሰበቁ፤ ጦርነቱ ሲጋጋል ግን አልነበሩም።»

«ሞተው?»

«ሄደው።»

«የት?»

«ልጄ፣ ሰው ሲሸሽ የት እንደሚሄድ ተናግሮ አይሄድም።»

እንግዲህ ታሪኩ ራሱ በኔ ላይ ነው።

ሐምሌ 24፣ ሰኞ

ይህን መጻፍ አልፈልግም። ግን ደብተር ነው።

ዛሬ ይማም ሱቅ ሄድኩ። ሲንጀር የስፌት መኪናውን እየረገጠ ነበር። ዙሪያ ጥምጥም ሄጄ፣ ስለ አየሩ፣ ስለ ጤፉ ቡቃያ፣ ስለ ልጆቹ ካወራሁ በኋላ «የዚያን ቀን ፈረሰኛህን ትንሽ ብታዘገየው» አልኩት።

እግሩ ቆመ። «ምን አልክ?»

«ትንሽ። ሰው ሳያውቅ።»

«ልሸነፍልህ ነው የምትለኝ?»

«ለኔ አይደለም፤ ለደጃዝማች ይርዳው።»

ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ እንደ እባብ ጠቀለለው። «አዱኛ፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ለሰው ልብስ አጎነብሳለሁ። እጀታው ረዘመ ሲሉኝ አሳጥራለሁ፣ አጠረ ሲሉኝ አረዝማለሁ። አንተ ጠረጴዛ ጋ ስቀመጥ ብቻ ነው ማንም የማያዘኝ። እሱን ልትወስድብኝ ነው?» አለ።

«ወገዳ ይልኩኛል እኮ!»

«ሂዳ!»

ባለቤቱ ሀኒፋ ከውስጥ ሆና «ይማም!» ብላ ገሰጸችው። እኔ ወጣሁ። በረዶ እየወረደ ነበር፤ ባርኔጣዬን እዚያ ረስቼ ራሴን እየቀጠቀጠኝ ቤቴ ገባሁ። ተመልሼ ለመውሰድ ግን ክብሬ አልፈቀደም።

ሐምሌ 29፣ ቅዳሜ

ይማም አልመጣም። ለብቻዬ ሁለቱንም ወገን ሆኜ ተዋጋሁ። ተሸነፍኩ።

ነሐሴ 2፣ ማክሰኞ

ፍልሰታ ገባ። ይማም አልመጣም። ባርኔጣዬን ሀኒፋ በልጅ ላከችው፤ የተተረተረውን ጠርዙን ይማም ሰፍቶታል። አንድ ቃል አልላከም።

ነሐሴ 9፣ ማክሰኞ

ችሎት ለክረምት ስለተዘጋ ዛሬ ከቢሮ በጊዜ ወጣሁ። ቤት ስደርስ በሩ ገርበብ ብሏል። ሐረገ ወይን መስኮቱ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ አንድ ፈረስ በግራ እጇ ጣቶች መካከል ይዛ፣ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ፣ በሦስት የድመት ጸጉር የፈረሱን ዓይን ትሥላለች። ድመቷ ጭኗ ላይ ተኝታለች። ያቺ ድመት ከእኔ ጋር በአንድ ክፍል ከተቀመጠች ሁለት ወር ሆኗታል።

ቆሜ አየሁ። እጇ ፈጽሞ አይንቀጠቀጥም።

«እንግዲያው ሲደርቅ ራሱን አያስተካክልም ማለት ነው» አልኩ።

ቀና አላለችም። «ቀለም ራሱን ሲያስተካክል የት አይተሃል?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ደስ ብሎህ ነበራ።» ፈረሱን አስቀምጣ ሌላ አነሳች። «ደግሞ ያንተን ባላስተካክለው፣ ሁለት መቶ ሰው ዓይኑ ጉንጩ ላይ ፈሶ አልጋዬ ሥር ተኝቶ እንቅልፍ ይወስደኛል?»

ስንቱን እንደሣለች ጠየቅኋት። ሁሉንም አለች። ለብዙዎቹ ስም አውጥታላቸዋለች። አንዱ ወፍራም ጋሻ ጃግሬ የእኔ አጎት ነው። ደጃዝማች ይርዳውን ግራዝማች ሀይሉን አስመስላ የሣለችው በገበያ እያየቻቸው ነው።

ከመጀመሪያውም እንደጠረጠርኩ ነገርኳት። ቀና ብላ አየችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ከዛሬ ጀምሮ እኔ አቀልጣለሁ፣ እሷ ትሥላለች። የመጀመሪያ ትእዛዟ የስማዳ ሰዎች ሁሉ ሁለተኛ ዓይናቸው እንዲመለስላቸው ነው። «የሰው ባል ጭፍራ አንድ ዓይና ማድረግ ምን የሚሉት ጠብ ነው?» አለች።

ነሐሴ 17፣ ረቡዕ

ሐረገ ወይንና ሀኒፋ ምንጭ ዳር ተገናኝተው አውርተዋል። ምን እንዳወሩ አልነገረችኝም። ብቻ ስትገባ «ጫማህን አድርግ» አለችኝ።

ይማም ሱቅ በር ላይ ቆምኩ። ሰባ ሁለት የስማዳ ሰዎች በሁለት ዓይናቸው ሆነው በእንቅብ ይዣለሁ። አስቀመጥኩለት። አንድ በአንድ አየ። አንደኛውን ወደ ብርሃን አዙሮ ብዙ ቆየ።

«ይሄ እኔን ይመስላል» አለ።

«ሐረገ ወይን ናት። ሁሉንም እሷ ናት የሣለቻቸው።»

«እሱንማ ከሰኔ ጀምሮ አውቃለሁ» አለኝ።

ማለት የሚገባኝን አልኩ። አንደኛ፣ ተሸነፍልኝ ማለቴ ነውር እንደሆነ። ሁለተኛ፣ ስንዝሩ ረጅም እንዳልሆነ። ሁለተኛውን የተናገርኩት ወደ ሲንጀሩ ዞሬ ነው። ይማም ሜትሩን እየጠቀለለ «እመጣለሁ» አለ። «ግን በእውነት ነው የምጫወተው።»

«በእውነት ተጫወት።»

«ወገዳ ብትሄድስ?»

«እሑድ እሑድ በደብዳቤ እንዋጋለን።» ይህን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፤ ግን ሁለታችንም ደስ አለን።

ጳጉሜ 3፣ ዓርብ

ሁለት መቶ አርባ። ሞላ። ሐረገ ወይን የመጨረሻውን ነጋሪት መቺ ሥላ ጨረሰች። ዕቃዬንም ለወገዳ እየሸከፍኩ ነው። ጎን ለጎን።

መስከረም 5 ቀን 1960 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ

ከየት ልጀምር?

አዳራሹ ከገበያ በተመለሰ ሰው ጢም ብሎ ነበር። መሪጌታ ፊት ወንበር ላይ። መቶ አለቃ ሙላው ማስታወሻውን ይዞ፣ ሥርዓት ለማስከበር ነው ይላል፤ ግን ነፍጠኞቹ ከየት በኩል እንደሚገቡ ሦስት ጊዜ ጠይቆኛል። ብርቄ መስኮት ላይ። ሐረገ ወይንና ሀኒፋ ጎን ለጎን። ሦስት የችሎት ጠረጴዛ አጋጥመን፣ ሣር ነስንሰን፣ የግራር ቅርንጫፍ ተክለን ሜዳውን ሠራነው።

ልጀምር ስል ግራዝማች ሀይሉ ካባቸውን ሰብስበው ተነሡ። «ተነሥ ከዚያ። የአያቴን ጦር እኔ ራሴ ነኝ የምመራው።»

ወንበሩን ለቀቅሁ። እፎይ እንዳልኩ ብደብቅ ይህ ደብተር ይታዘበኛል።

መጀመሪያ ላይ ግሩም ነበሩ። «በለው!» እያሉ እግረኛውን ሁሉ ወደ ፊት ሰደዱ። ሽማግሌዎቹ አጨበጨቡ። ባቄላው ሲወረወር አዳራሹ ጸጥ ይላል፤ ጀርባው ሲወጣ ይጮኻል። ይማም ግን በእርጋታ፣ ልብስ እንደሚቆርጥ ሰው፣ ፈረሰኛውን በግራሮቹ ኋላ አዞረ። ግራዝማች አላዩትም። እኔ አይቼ አፌን በእጄ ያዝኩ።

በስድስተኛው ተራ ስምንት የስማዳ ፈረሰኞች ከግራሩ ወጥተው ከነጭ ፈረሱ ሁለት ስንዝር ላይ ቆሙ። በደጃዝማች ዙሪያ አንድም እግረኛ አልቀረም፤ ሁሉም ፊት ዘምቷል። ይማም ሜትሩን ዘረጋ። ልክ ነው፣ ይደርሳል።

«ግራዝማች፣ ስምንት ባቄላ እወረውራለሁ» አለ በትሕትና። «አንዱ እንኳ በጀርባው ከወጣ ደጃዝማች ይወድቃሉ።»

ግራዝማች ባቄላውን አዩ። ፈረሰኞቹን አዩ። ነጭ ፈረስ ላይ ያለውን፣ አባታቸውን የሚመስለውን፣ ሁለት ዓይን ያለውን ትንሽ ሰው አዩ። ይማም እጁን አነሣ።

ግራዝማች ደጃዝማች ይርዳውን ከሜዳው አፈፍ አድርገው ካባቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።



«ምን ሆነ?» አሉ ከኋላ ያሉ ሽማግሌ፣ ጆሯቸው የደከመ።

«ደጃዝማች ከሜዳው ወጥተዋል» አሉ ግራዝማች። ድምፃቸው ቀጭን ነበር።

መቶ አለቃ ሙላው እርሳሱን በምላሱ አርሶ «በስንት ሰዓት ወጡ?» አለ። መሪጌታ ገብረ ሚካኤል በመቋሚያቸው ወለሉን አንድ ጊዜ መታ አድርገው «ታሪኩም እንዲሁ ነበር» አሉ፤ ለራሳቸው የተናገሩት ነው፤ ግን አዳራሹ ጸጥ ብሎ ስለነበር ሁሉም ሰማ።

ግራዝማች እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ እንዳደረጉ ወጡ። ዱላቸውን ረሱት።

መስከረም 8፣ ማክሰኞ

የዝውውር ደብዳቤው አልመጣም። ግራዝማች ቢሮ አልገቡም። ታመዋል ይላሉ።

ሐረገ ወይን «ይዘውት ነው የሄዱት?» ትላለች። ይዘውት ነው የሄዱት። ኪሳቸው ውስጥ ቀለሙ እንዳይፋቅ ትፈራለች።

መስከረም 12፣ ቅዳሜ

ዛሬ ከቀትር በኋላ ይማምና እኔ ጠረጴዛው ጋ ሳለን በሩ ተንኳኳ። ግራዝማች ሀይሉ ናቸው። ያለ አጃቢ፣ ያለ በቅሎ፣ ጫማቸው ጭቃ ለብሶ። ሁላችንም ብድግ አልን። ሐረገ ወይን ወንበሩን በነጠላዋ ጠረገችላቸው።

ከኪሳቸው መሐረብ አወጡ። መሐረቡን ፈቱት። ደጃዝማች ይርዳው ነበሩ። የነጩ ፈረስ አንድ እግር ተሰብሯል።

«አያቴን ሰበርኩት» አሉ።

«ይጠገናሉ ጌታዬ» አልኩ።

ተቀመጡ። ከዚያ ይማምን አዩት። «አንተ ልጅ፣ በዚያን ቀን ምሬሃለሁ ብትል ትችል ነበር።»

«እችል ነበር ጌታዬ» አለ ይማም።

«ጥሩ አደረግህ።» መሐረቡን በጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። «አባቴ የተወለደው ከግራር ሜዳ በኋላ በዓመቱ ነው። ሕይወቴን ሙሉ አያቴ አልሸሸም ስል ኖርኩ። ያን ዕለት ስምንቱን ፈረሰኛ ሳይ ግን፣ እዚያ ቢቀር አባቴም የለም፣ እኔም የለሁም፤ ማን ካባ ለብሶ እዚህ ይፎክራል? እጄ ሳላዘው ነው ያነሣው።»

መሐረቡን አጣጠፉት። እኔ የዝውውሩን ነገር ልጠይቅ አፌን ስከፍት ሐረገ ወይን እግሬን ረገጠችኝ።

«መዝገብህ ተዘግቷል» አሉኝ ሳልጠይቅ። ከዚያ ወደ ሐረገ ወይን ዞሩ። «የምትሥዪው አንቺ ነሽ አሉ።»

«ነኝ ጌታዬ።»

«እንግዲያው አንድ ነገር ሥሪልኝ። አያቴን በበቅሎ አድርጊልኝ። ከሜዳው እየወጣ። ፊቱን ወደ ቤቱ ያዙር።» አመነቱና «ደስ ብሎት» አሉ።

መስከረም 15፣ ማክሰኞ

በቅሎ አቅልጬ አላውቅም ነበር። ጆሮዋ ሁለት ጊዜ ተሰበረ፣ በሦስተኛው ያዘ። ሐረገ ወይን ፊታቸውን ለመሣል ግማሽ ቀን ፈጀባት፤ ፈገግታው ከባድ ነው ትላለች፣ ትንሽ ካለፈ ሰካራም ያስመስላቸዋል። አሁን መስኮቱ ጋ እየደረቁ ነው። ይማም ገና እንደገባ አየና ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ከሜዳው ጫፍ እስከ ቤታችን በር ድረስ ለካ። ደጃዝማች ወደ ቤታቸው ሲጋልቡ የሚገቡበት መንገድ መሆኑ ነው።